ጭስ የሌለው እሳት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ከሰል ነው። «ከሰልን የማያውቅ ማን አለ?» እንዳትሉን። እኛም እናውቀዋለን ብለን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ ማታ ማታ ብርዱ ሲበረታብን፣ እኛ ለማስተማር የመጣን አራት ተማሪዎች ራት ያበሰልንበትን ማንደጃ ፍሙ ሳይጠፋ ወደ መኝታችን አስገባነው። ቤታችን የቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ግድግዳው በደንብ ተመርጎ ተለስኗል። ነፋስ እንዳይገባ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍነው፤ በሩንም ቀረቀርነው። ከሰሉ ቀልቷል፤ ጭስ የሚባል ነገር የለውም። ደስ ብሎን ተኛን።

ሌሊት ላይ አንዳችን ራሱን እየፈለጠው ነቃ። ሊነሣ ቢል ጉልበቱ ከዳው። እየዳኸ ሄዶ መቀርቀሪያውን አነሣና እዚያው ደጃፍ ላይ ወደቀ። ድምፁን ሰምተው ጎረቤታችን እማማ ባትሪ ይዘው ደረሱ። ሰውም ተሰበሰበ። አንዱ «ምች ነው የመታቸው» ብሎ ዳማ ከሴ ሊቆርጥ ሮጠ። እማማ ግን ማንደጃውን አዩና «ከሰሉ ነው! ወደ ደጅ አውጧቸው!» አሉ። እየጎተቱ አወጡን። የደጁን አየር ስናገኝ ቀስ በቀስ ነቃን። አንዱ ጓደኛችን ግን እስኪነጋ ሲያስታውከው አደረ።

የሚያሳፍረን ይኼ ነው፤ የዚህን መርዝ ስም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በፈተናም ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። እማማ ፊደል የቆጠሩት ገና አምና ነው። ያዳኑን ግን እሳቸው ናቸው።

መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ስሙን ብትረሱት ግድ የለም፤ ጠባዩን አትርሱ። ለዓይን አይታይም፤ ለአፍንጫም አይሸትም። እሳት ሲነድ አየር ይፈልጋል። ቤቱ ተዘግቶ አየሩ ሲያንስ አነዳደዱ ይጎድልና ይህ መርዝ ይበዛል። ደማችን ደግሞ ከሳንባ ኦክሲጅን የሚባለውን የአየር ክፍል ተሸክሞ ለመላ አካላታችን ያደርሳል። ደምን እንደ አህያ፣ ኦክሲጅንን እንደ እህል ጭነት ቁጠሩት። መርዙ ሲመጣ እህሉን አውርዶ ራሱ ይጫናል። ደምን የሚይዝበት ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣልና አንዴ ከተጫነ ቶሎ አይወርድም። አህያዋ ትሄዳለች፤ እህሉ ግን የለም። አንጎልና ልብ ይራባሉ።

መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል። ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መዛል ይከተላል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። የተኛ ሰው፣ የሰከረም ሰው፣ ምንም ሳይታወቀው ሊሞት ይችላል።

ብዙዎቻችን ጭሱ ካለቀ አደጋው ያለቀ ይመስለናል። አይደለም። ከሰል ቀልቶም፣ ዐመድ ለብሶም መርዙን ያወጣል።

ይህን ስንናገር አንድ አባት እጃቸውን አነሡና «ልጆቼ፣ አያቶቻችን ከእሳት ጋር ባንድ ቤት ኖረው የለም ወይ? ለምን ታዲያ አላለቁም?» ሲሉ ጠየቁን። መልሱን ወዲያው አላገኘነውም፤ ማታ ተመካክረን ነው የደረስንበት። የሣር ቤት ይተነፍሳል። በሣሩ መካከል፣ በግድግዳውም ስንጥቅ አየር ይወጣል፣ ይገባል። የተለሰነና ኮርኒስ የተመታ ቆርቆሮ ቤት ግን እንደተከደነ ድስት ነው። እኛ ልማዱን ከሣር ቤት ይዘን ቆርቆሮ ቤት ገባን። እንዲህ ስንል የሣር ቤት ጭስ ደግ ነው ማለታችን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ቤት ውስጥ ከሚነድ እሳት በሚወጣ ጭስና መርዝ ምክንያት ሞቷል። የጭሱን ነገር ሌላ ቀን እናነሣዋለን።

ታዲያ ከሰል እንተው ወይ? ቡናው በምን ይፈላል! ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉት፤ ማቀጣጠያውም ጭራሮ ይሁን እንጂ ፌስታልና ላስቲክ አይሁን። በረንዳ ካለ እዚያው አብስሉ። ዝናብ ካስገደዳችሁ በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ አየሩ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ባቄላና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፋችሁ ብታሳድሩ ቶሎ ይበስላል። ድስቱንም ክደኑት። ላቀች የሚባለው ምድጃ፣ ውጭው ቆርቆሮ ውስጡ ሸክላ የሆነው፣ ሙቀት ስለሚይዝ ከሰል ይቆጥባል። እሱም ቢሆን ግን መርዙን አያስቀርም፤ ተዘግቶ አይታደርበትም።

የተረፈውን ፍም ውሃ አታፍስሱበት። ደጅ ባለ አሮጌ እንስራ ወይም ቆርቆሮ ጨምራችሁ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት። አየር ሲያጣ ይጠፋል፤ ለነገም ደረቅ ከሰል ይሆናል። እኛ ይህን ከጀመርን ወዲህ የሦስት ቀን ከሰል አራት ቀን በቅቶናል።

ሰው ተመርዞ ካገኛችሁ መጀመሪያ በሩን በርግዳችሁ ክፈቱ፤ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ግቡና ሰውየውን ጎትታችሁ አውጡ። ውስጥ ቆማችሁ አትርዱት፤ እናንተም ትወድቃላችሁ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። ወተትም ውሃም በአፉ አትስጡት፤ ትን ይለዋል። ቢነቃም እንኳ ኦክሲጅን ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።

አሁን በጣም ወደምንፈራው እንምጣ፤ ወደ አራስ ቤት። አራስ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በሩ ይዘጋል፤ ማንደጃም አጠገቧ ይደረጋል። መርዙ ቶሎ የሚጎዳው ደግሞ ጨቅላውን ነው። በማሕፀን ያለውን ልጅ እንኳ በእናቱ ደም በኩል ያገኘዋል።

በጥቅምት የእማማ ልጅ ወለደች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልንል ብንገባ፣ ያ እኛን ያዳኑት እማማ ማንደጃውን አልጋው ሥር አድርገውታል፤ በሩም ተዘግቷል። «እማማ፣ ከሰሉ ነው ብለው ያወጡን እርስዎ አይደሉም ወይ?» አልናቸው። «እናንተማ ጎረምሶች ናችሁ፤ አራስን የሚገድላት ብርድ ነው» አሉ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ማንደጃው ወደ በረንዳ ወጣ፤ ገንፎውም እዚያው ተገነፋ። እናቲቱ ሁለት ጋቢ ደረበች፤ ሕፃኑን ልብሱን አውልቃ ከገላዋ ጋር ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ይህ ሕፃንን ከማንደጃ ይልቅ ያሞቀዋል። መስኮቱ ገርበብ አለ።

እማማ እስካሁን ደስ አላላቸውም። «ብርድ ቢመታት በእናንተ ነው» ይሉናል። እኛም ማታ ማታ ብቅ እያልን ማንደጃው በረንዳ መሆኑን እናያለን።