መብራት የጠፋው ንጉሡ ሲደርስ ነው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ብርብር ከተማ የቀረበ ንግግር)

 

በቅድሚያ አንድ ነገር እንናዘዝ። ለቁጠባና ለሒሳብ አያያዝ ሥልጠና እንዲሆነን በሰጣችሁን ቴሌቪዥን ፊልም አይተንበታል። ሥልጠናውን አላቋረጥንም፤ ያልታመነን ገንዘብ ያዧን ይጠይቃት። ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙዙ ተጭኖ መኪናው ወደ ሶዶ ከወጣ ወዲያ ቡና አፍልተን እንቀመጣለን፤ ፊልምም እናያለን። ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ብድር ኮሚቴው ሥራ ነው። የምንናገረውም ስለዚያው ነው፤ ግን በፊልሙ በኩል ዞረን ነው የምንደርስበት፤ ታገሡን።

ፊልሙ «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ይባላል። በ1980 ዓ.ም. የወጣ፣ ኤዲ መርፊ የሚተውንበት የድሮ ኮሜዲ ነው። ያኔ ከመካከላችን ግማሾቻችን አልተወለድንም። አንዷ አባላችን ከአርባ ምንጭ በፍላሽ ይዛው መጣች። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነውና እንግሊዝኛውን እየሰማ በአማርኛ፣ እናቶች ሲያስቸግሩት ደግሞ በጋሞኛ ይነግረናል። ገና መጀመሪያው ላይ ልዑሉን ሴት አገልጋዮች ገላውን ሲያጥቡት ልጁ አፍሮ ሪሞቱን ተጭኖ አሳለፈው። እናቶች «መልሰው!» ብለው ጮኹበት። ይህን ደጋፊዎቻችን በሪፖርታቸው ላይ ባይጽፉት ደስ ይለናል።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ዛሙንዳ የሚባል፣ በካርታ ላይ የሌለ የአፍሪካ መንግሥት አለ። ልዑሉ አኪም 21 ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ያጨለትን ሙሽራ ያቀርቡለታል። ኢማኒ ትባላለች። ከተወለደች ጀምሮ እሱን ለማገልገል ተብላ የተኮተኮተች ልጅ ናት። ምን ዓይነት ሙዚቃ ትወጃለሽ ሲላት፣ እርስዎ የሚወዱትን ትላለች። ምግብስ? ያው እርስዎ የሚወዱትን። ልዑሉ ሊፈትናት እንደ ውሻ ጩኺ ይላታል፤ ትጮሃለች። በአንድ እግርሽ ዝለዪ ይላታል፤ ትዘላለች። እሱ ግን የራሷ ሐሳብ ያላት ሴት ይፈልጋል። ስለዚህ ከጓደኛው ከሴሚ ጋር ወደ ኒውዮርክ ይሄድና ኩዊንስ በሚባለው ሰፈር ድሃ መስሎ ይኖራል። አንድ ምግብ ቤት ወለል ጠራጊ ሆኖ ይቀጠርና የባለቤቱን ልጅ ሊሳን ይወዳል። አባቷ ግን ለሀብታም ልጅ ሊድራት ቋምጧል።

በነገራችን ላይ ዛሙንዳ ውስጥ ዝሆን በቤተ መንግሥቱ አትክልት መካከል ሲንሸራሸር ያሳያል፤ ልዑሉም ሰላም ይለዋል። ከዓባያ ዳር ዓይናችን አዞውንና ጉማሬውን እየጠበቀ ውኃ የቀዳን ሴቶች ከፊልሙ ሁሉ የበለጠ የሳቅነው በዚህ ነው።

እንግዲህ ንጉሡ ልጁን ፍለጋ በአጀቡ ታጅቦ ኩዊንስ ሲደርስ፣ ሊሳ እውነቱን ልትሰማ ስትል፣ መብራት ጠፋ። በዚያን ቀን አልተመለሰም። መጨረሻውን ያየነው በሳምንቱ ነው። ያ ሳምንት ግን ለማኅበራችን ከማንኛውም ሥልጠና በላይ የተነጋገርንበት ሆነ። ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ፣ ሙዝ ስንቆርጥ፣ ሃለኮ ስንለቅም ወሬው አንድ ብቻ ነበር። ልጅቱ እውነቱን ስትሰማ ልታገባው ይገባል ወይስ አይገባም?

እናቶች በአንድ ድምፅ ታግባው አሉ። ሀብቱን የደበቀ ሰው ማንን በደለ? ሌባ ማለት ድህነቱን የደበቀ ነው፤ እነሱ ያሉት ይህን ነው። በሰው መኪና ተደግፎ ፎቶ የሚልክ፣ የተከራየውን ቤት የራሴ ነው የሚል ስንት አለ። ይህኛው ንጉሥ ሆኖ መጥረጊያ ያዘ፤ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

ወጣቶቹ አልተስማሙም። ውሸት ውሸት ነው አሉ። ልጅቱ የወደደችው ወለል ጠራጊውን ነው። ልዑሉ ሲገለጥ ጠራጊው የለም፤ ሞቷል ማለት ነው። ደግሞስ ትናንት ሁለቱም እዚያው ሰፈር እኩል ይኖሩ ነበር። ዛሬ እሷ ወደማታውቀው አገር፣ ወደማታውቀው አማት፣ ወደማታውቀው ቋንቋ ልትሄድ ነው። ከተጣሉ ማን ዘንድ ትሄዳለች?

ከሁሉም ልባችንን የነካው ግን ቤይሩት ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች እህታችን የተናገረችው ነው። እሷ ስለ ፍቅሩ አልተናገረችም፤ ስለ መጥረጊያው ነው። ልዑሉ ድህነትን የተጫወተው በኪሱ ገንዘብ እያለ ነው አለች። የሰለቸው ቀን አባቱን መጥራት ይችላል። እሷ በሰው አገር ወለል ስትጠርግ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ በሩም በውጭ በኩል ይቆለፍ ነበር። እሷ የምትጠራው ንጉሥ አልነበራትም። ይህን ያለችው ሳቅ እያለች ነው፤ እኛ ግን ከዚያ በኋላ ልዑሉ ወለል ሲጠርግ ስናይ እንደ መጀመሪያው አልሳቅንም።

ሁላችንም የተስማማነው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ በሊሳ አባት። ጠራጊ መስሎት አኪምን ያንቋሽሸው የነበረ ሰውዬ ልዑል መሆኑን ሲሰማ እንዴት እንደተለወጠ! አንዷ «ይሄ የእኔ ባል ነው» አለች። ሌላዋ «የአንቺ ባል ብቻ? እኔ ራሴ ነኝ» አለቻት። ሁለታችን ወይም ሦስታችን አንገታችንን ደፋን። ከውጭ ሽማግሌ ሲላክ ፊታችን እንዴት እንደሚበራ፣ የሰፈሩ ልጅ ሲልክ ደግሞ እንዴት እንደሚጠቁር እናውቀዋለን።

በሁለተኛው ቅዳሜ መብራቱ ምሕረት አደረገልንና ጨረስነው። ንጉሡ ለሊሳ ልጄ እዚህ የመጣው ለጨዋታ ነው፣ አገሩ ላይ የታጨችለት አለች ይላታል። ልጅቱ ታዝናለች። አኪም ባቡር ውስጥ ተከትሏት ዙፋኔን እተዋለሁ ቢላትም እምቢ ትለዋለች። በዚህ ጊዜ ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ንጉሡ ወግ ነው፣ እኔ ማን ነኝና ወግ የምለውጥ ሲል ንግሥቲቱ ንጉሡ አንተ መስለኸኝ ነበር ብላ ትመልስለታለች፤ እናቶች ይህን ሦስት ጊዜ አስደገሙ። በመጨረሻ በሠርጉ ቀን ዓይነ ርግቡ ሲገለጥ ሙሽራዋ ሊሳ ሆና ተገኘች። እልልታው እስከ መንገዱ ተሰማ።

እልልታው ሲበርድ ከኋላ የተቀመጠችና ብዙ የማትናገር አንዲት እናት «ያቺኛዋስ?» አለች።

ማንኛዋ?

«ስትጮህ የነበረችው ልጅ። ምን ሆነች?»

ማንም አልመለሰላትም። ረስተናታል። ፊልሙም ረስቷታል። ተርጓሚያችን ልጅ ግን ሁለተኛ ክፍል አለው፣ በ2013 ዓ.ም. ወጥቷል፣ አመጣላችኋለሁ አለ። አመጣውም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ኢማኒ አሁንም ትጮሃለች፤ አሁንም በአንድ እግሯ ትዘላለች። የነገራት ሰው ተይ አላላትምና። የፊልሙ ሰዎች ይህን ያስገቡት እንድንስቅ ነው። እኛም ሳቅን፤ ግን ሳቁ እንደ ሌላው ጊዜ ረጅም አልነበረም።

ሁለተኛው ክፍል እንደ መጀመሪያው አይጥምም። ቀልዱ ይደጋገማል፤ ብዙዎቻችን መሐሉ ላይ ቡናውን ነበር የምንከታተለው። አንድ ነገር ግን አስነስቶ አነጋግሮናል። አኪምና ሊሳ ሦስት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ የዛሙንዳ ሕግ ግን ዙፋኑ ለወንድ ነው ይላል። ስለዚህ አባትየው አሜሪካ ውስጥ የተወለደ የማያውቀውን ወንድ ልጁን ፍለጋ ይሄዳል። ትልቋ ልጁ ሚካ ሙሉ ዕድሜዋን ለመንገሥ ስትዘጋጅ የኖረች ናት። በጋሞ ባይራ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም፤ የበኩር ወንድ ልጅ የአባቱን ቦታ ሲወርስ ያላየ በመካከላችን የለም። ፊልሙ ሲያልቅ ወራሽ የምትሆነው ሚካ ናት። እዚህ ላይ አንዷ አባላችን ከቦርሳዋ የመሬት ደብተሯን አውጥታ የእሷ ፎቶ ከባሏ ፎቶ ጎን የተለጠፈበትን ገጽ አሳየችን። ለምን ይዛው እንደምትዞር አልጠየቅናትም።

አሁን ወደ ብድር ኮሚቴው እንምጣ።

በዚያው ወር አንዲት አባላችን ብድር ጠየቀች። ልጇን ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ሰው ሊያገባት ሽማግሌ ልኳል። እንዲህ ያለ ጋብቻ አዲስ ነገር አይደለም። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ ሙሽሮችም ተከትለዋቸዋል። አሁን ከእኛም ሰፈር እየተጠየቀ ነው። ፎቶ ይመጣል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጥሎሹ ይላካል። ብድሩ የተጠየቀው ለፓስፖርት፣ ለአዲስ አበባ መመላለሻና ለልብስ ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን ብድር ለሙዝ፣ ለማንጎ፣ ለከብት፣ ለንግድ ነው። ነገር ግን ለሠርግም ስንሰጥ ኖረናል፤ ይህን አንደብቅም። ለእንዲህ ያለው ጉዞም ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ሰጥተናል። ለእውነት ያህል፣ ከሁለቱ አንዷ ደኅና ናት። ከባሏ ጋር ሱቅ ይሠራሉ፤ ለእናቷም ትልካለች፤ ብድሩም ተከፍሏል። የሁለተኛዋ ብድርም ተከፍሏል። ስልኳ ግን አይነሳም። ኮሚቴው በመዝገቡ ላይ ሁለቱንም «በሚገባ የተመለሰ» ብሎ ነው የጻፈው።

ለሦስተኛው ልንፈርም እስክሪብቶው ወጥቷል። ከኮሚቴው አባላት አንዷ እንዲያው ለወጉ ያህል «ልጅቱስ ምን አለች?» ብላ ጠየቀች።

እናትየዋ «እሷማ እናንተ ያላችሁትን ነው የምትለው» አለች።

እናትየዋ ክፉ ሰው አይደለችም። በእኛ ዘንድ ይህ የጨዋ ልጅ ምስጋና ነው፤ እኛም ስለ ልጆቻችን እንዲሁ እያልን በኩራት እናወራለን። ግን ፊልሙን አብረን ካየን ገና አሥራ አምስት ቀን አልሞላንም ነበር። ማንም ምንም አልተናገረም። ከዚያ ቤይሩት የነበረችው እህታችን በዝግታ «ትምጣና ትንገረን» አለች።

ክርክር ተነሣ። የሰው ቤት ጉዳይ ነው፣ እኛ አበዳሪ እንጂ ሽማግሌ አይደለንም ያሉ ነበሩ፤ ሐሳባቸውም ቀላል አይደለም። ሌሎች ደግሞ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ደንግጓል፣ ስለዚህ የፈቃዷን ድምፅ ሳንሰማ የሁላችንንም ቁጠባ አንሰጥም አሉ። በመጨረሻ በጠባብ ድምፅ ልጅቱ ትጠራ ተባለ።

መጣች። በሩ አጠገብ ቆማ ነጠላዋን በጣቷ ትጠቀልላለች። ምን ትያለሽ ልጄ ብንላት መጀመሪያ «እማዬ ያለችውን» አለች። ቆየት ብላ ግን ሰውየውን ብቻዋን አነጋግራው እንደማታውቅ ነገረችን። ስልኩን የሚይዘው አባቷ ነው፤ ድምፁም ከፍ ተደርጎ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰማል። ብቻሽን ብትሆኚ ምን ትጠይቂዋለሽ አልናት። አሰበችበት ማለት ነው፤ ከደብተሯ የቀደደችውን ወረቀት አወጣች። ሦስት ጥያቄ ተጽፎበታል። ምን እንደሚሠራና የት እንደሚሠራ፤ ከማን ጋር እንደሚኖር፤ እዚያ ልጅ ወልዶ እንደሆነ።

እናቷ ወረቀቱን ያየችው ከእኛ ጋር፣ በዚያች ሰዓት ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የራሷን ስልክ ከጉያዋ አወጣችና ለልጇ ሰጠቻት። ልጅቱ ይዛው ወደ ጓሮ፣ ወደ ማንጎው ዛፍ ሄደች። እኛ ቡና አፈላን። እናትየዋ ስኒዋን ይዛ ሳትጠጣ ቀዘቀዘባት።

ይህን ሁሉ በዚህ መድረክ እንድንናገር እናትም ልጅም ፈቅደውልናል፤ ስማቸው ግን እንዳይነሣ ጠይቀዋል።

ሰውየው ሁለቱን ጥያቄዎች መልሶላታል። ሦስተኛውን ስትጠይቀው መስመሩ ተቋረጠ፤ ኔትወርክ ይሁን ሌላ አናውቅም። በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ጥሎሹ ይመለስ ወይ ብለው ላኩ። አባቷ አዝኖብናል፤ ከገበያ ስንገናኝ ሰላምታው አጥሯል። ልጅቱ አልፈልግም አላለችም። መልሱን እጠብቃለሁ ነው ያለችው።

ኮሚቴው ብድሩን አልፈቀደም፤ አልከለከለምም። በቅጹ ላይ ግን ተበዳሪዋ ከምትፈርምበት በታች፣ የሚጓዘው ሰው ራሱ ቀርቦ የሚናገርበትና የሚፈርምበት መስመር ጨምረናል። የዚህች ልጅ መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ፋይሉም በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ነው።

 የሚመጣው ቅዳሜም ፊልም አለ፤ መብራት ከኖረ።