ያለ ካርታና ያለ ኮምፓስ በታላቁ ውቅያኖስ ላይ ስለ ተጓዘች ታንኳ የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ከአገራችን እጅግ ስለ ራቀ ባሕርና በዚያ ባሕር ላይ ስለ ተጓዘች አንዲት ታንኳ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ነው፤ ነገር ግን በመጽሐፍ ያልተጻፈ ዕውቀት እንደምን እንደሚጠበቅና እንደምን እንደሚጠፋ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ለማስተማር የተሰየመ ሰው ሁሉ ቢሰማው ይጠቅመዋል። የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር ባነሣሁ ጊዜ ለይቼ እናገራለሁ።

ፓሲፊክ የሚባለው ውቅያኖስ ከምድር ፊት ሢሶ ያህሉን ይዟል። በመካከሉ ፖሊኔዥያ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ትርጓሜውም ብዙ ደሴቶች ማለት ነው። በሰሜን ሐዋይ፥ በደቡብ ምዕራብ ኒው ዚላንድ፥ በምሥራቅ ራፓ ኑይ ሆነው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቈጠር ውኃ አለ። ሆኖም አንድም የአውሮፓ መርከብ ወደዚያ ሳይደርስ፥ በእነዚህ ደሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥር ያለው ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ብረት አያውቁም ነበር፤ መሣሪያቸው ድንጋይ፥ ዐጥንትና ዛጎል ነበረ።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ወደዚያ እንደምን ደረሱ ተብሎ ብዙ ተጠየቀ። በ1769 ዓ.ም. ካፒቴን ኩክ የሚባለው እንግሊዛዊ መርከበኛ ወደ ታሂቲ በመጣ ጊዜ ቱፓያ የሚባል የደሴቶቹ ካህንና የባሕር መሪ ከእርሱ ጋር በመርከብ ገባ። ቱፓያም ከ70 በላይ የሚሆኑ ደሴቶችን ስም በቃሉ ስለሚያውቅ፥ የደሴቶቹ ካርታ ከእርሱ አፍ ተሣለ። ነገር ግን በሚከተለው ዓመት በባታቪያ ታሞ ሞተ፤ የሚያውቀውም ሁሉ ከእርሱ ጋር ተቀበረ። ከዚህ በኋላ የመጡ አንዳንድ ሊቃውንት፥ እነዚህ ሰዎች ነፋስና ማዕበል ወስዶ በድንገት የጣላቸው ናቸው እንጂ ዐውቀው የሄዱ አይደሉም እያሉ ጻፉ። ይህም አባባል የደሴቶቹን ሰዎች ልብ ያሳዝን ነበር፤ የአባቶቻቸውን ጥበብ ዕድል ብቻ አድርጎታልና።

ስለዚህ በ1973 ዓ.ም. በሐዋይ አንድ ማኅበር ቆመ፤ አሳቡም እንደ ጥንቱ ያለች ታንኳ ሠርቶ ነገሩን በሥራ መመርመር ነበር። በ1975 ዓ.ም. ታንኳይቱ ወደ ባሕር ወረደች፤ ስምዋም ሆኩሌአ ተባለ፥ የደስታ ኮከብ ማለት ነው። ሁለት ረጃጅም ታንኳዎች ጎን ለጎን ሆነው በመስቀለኛ እንጨት ተያይዘው በገመድ የታሰሩባት፥ ሁለት ሸራ የምትዘረጋ፥ ርዝመትዋ 19 ሜትር ያህል የሆነ ናት። ለአካልዋ የዘመኑ ዕቃ ቢገባበትም፥ ቅርጽዋና አሄድዋ የጥንቱን እንዲመስል ተደረገ።

ታንኳይቱ ተገኘች፤ የሚመራት ግን ጠፋ። በሐዋይ ይህን ጥበብ የሚያውቅ አንድ ሰው ስንኳ አልቀረም ነበር። መሪው የተገኘው ከፖሊኔዥያ ውጭ፥ ከምዕራብ በኩል፥ ማይክሮኔዥያ ከሚባሉት ደሴቶች ነው። ሳታዋል የምትባለው ደሴት ስፋትዋ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ በ1932 ዓ.ም. የተወለደው ማው ፒያይሉግ ገና ሕፃን ሳለ አያቱ ያስተምረው ጀመር። በምንጣፍ ላይ ጠጠር በክብ ተደርድሮ፥ እያንዳንዱ ጠጠር ኮከብ የሚወጣበትንና የሚገባበትን ስፍራ ያመለክት ነበር። ልጁም ይህን በቃሉ ያጠናል፤ በኋላም በባሕር ላይ ይፈተናል። ከእናንተ መካከል በንባብ ቤት ማታ በጨለማ የቃል ትምህርት የተቀበለ ሰው፥ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

ሚያዝያ 23 ቀን 1968 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ ማለት በ1976 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን፥ ሆኩሌአ ከሐዋይ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከማዊ ተነሥታ ወደ ታሂቲ አቀናች። መንገዱ ከ4,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። በመሪው ዘንድ ካርታም፥ ኮምፓስም፥ ሰዓትም አልነበረም።

ታዲያ በምን ይመራ ነበር? መጀመሪያ በከዋክብት ነው። እያንዳንዱ ኮከብ ዓመቱን ሁሉ የሚወጣው ከአድማስ በአንድ ስፍራ ነው፤ አንዱ ወደ ላይ በወጣ ጊዜ በዚያው ስፍራ ሌላው ይተካዋል፤ መሪውም በሌሊቱ ሙሉ እነርሱን ተከትሎ አቅጣጫውን ይጠብቃል። ሰሜን ኮከብ በሐዋይ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ወደ ደቡብ በተጓዙ ቍጥር ዝቅ ይላል፤ የምድርን ወገብ ሲያልፉም ከዓይን ይሰወራል። ይኸው ኮከብ በአዲስ አበባ ቁመቱ 9 ዲግሪ ያህል ነው፤ በትግራይ ግን ከዚህ ከፍ ይላል። መምህር በጠራ ሌሊት ተማሪዎቹን አውጥቶ ቢያሳያቸው፥ ምድር ክብ መሆንዋን ያለ መጽሐፍ ይረዱታል።

ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ጊዜ ደግሞ መሪው በማዕበል ይመራል። ከሩቅ አገር ነፋስ ተነሥቶ የሚመጣ ረጅም ማዕበል አቅጣጫውን ቶሎ አይለውጥም፤ መሪውም በታንኳው ውስጥ ተጋድሞ፥ የታንኳውን መወዛወዝ በሰውነቱ እየሰማ ማዕበሉ ከወዴት እንደሚመጣ ያውቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ታንኳይቱን ወደ ምዕራብ መግፋቱ ነው። ታሂቲ ከሐዋይ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለች ናት፤ ወደ ምዕራብ የተገፋ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይቸግረዋልና፥ መሪው የየቀኑን ጉዞ በልቡ እየቈጠረ ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ ይይዛል። ስለዚህም እንደ ሌላው ሰው ጠግቦ አይተኛም።

አንድ ወር ካለፈ በኋላ ነጫጭ የባሕር ወፎች ታዩ። እነዚህ ወፎች ጧት ዓሣ ለመያዝ ወደ ባሕር ወጥተው ማታ ወደ ምድር የሚመለሱ ስለ ሆኑ፥ ደሴት መቅረቡን ያመለክታሉ። እውነትም ማታይቫ የምትባል፥ ከባሕር ጥቂት ብቻ ከፍ ያለች ደሴት ተገኘች። ከዚያም ግንቦት 27 ቀን ታሂቲ ደረሱ። ሊቀበላቸው የወጣው ሕዝብ 17,000 ያህል እንደ ነበር ተጽፏል።

ይህ ደስታ ግን ዕውቀቱን ገና አላዳነውም። በጉዞው ላይ በተጓዦቹ መካከል ጠብ ተነሥቶ ስለ ነበር፥ ማው አዝኖ ከታሂቲ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1978 ዓ.ም. ታንኳይቱ ዳግመኛ ወደ ታሂቲ በተነሣች ጊዜ በመጀመሪያው ሌሊት በዐውሎ ነፋስ ተገለበጠች። ከተጓዦቹ አንዱ፥ ኤዲ አይካው የሚባለው፥ ሰዎች በባሕር ሲሰጥሙ በማዳን ሥራ የታወቀ ሰው ነበረ። እርሱም ርዳታ ለመጥራት በአንዲት ሳንቃ ላይ ሆኖ ብቻውን ወደ ምድር ቀዘፈ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። የቀሩት ተረፉ።

ያን ጊዜ ናይኖአ ቶምሰን የሚባለው የሐዋይ ወጣት ማውን ሄዶ አስተምረኝ ብሎ ለመነው። በማው አገር ይህ ጥበብ ለማንም የሚገለጥ አልነበረም፤ ለባዕድ በማስተማሩም ከወገኖቹ የነቀፉት ነበሩ። ነገር ግን የደሴቱ ልጆች ወደ ሌላ ነገር አዘንብለው ከአባቶቻቸው የሚማሩት እየጎደሉ መሄዳቸውን አይቶ ነበርና፥ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ከሚቀበር ለፈለገ ሁሉ መስጠት ይሻላል ብሎ ቈረጠ።

አስተማሪነቱንም ከአንድ ነገር ተመልከቱ። በ1980 ዓ.ም. ናይኖአ ታንኳይቱን ወደ ታሂቲ ሲመራ፥ ማው በውስጥዋ ተቀምጦ ዝም ብሎ ይጓዝ ነበር። ወደ ደሴቶቹ በቀረቡ ጊዜ አንድ ቀን ጧት አንድ ወፍ ሲበር ታየ። ናይኖአም፥ ጧት ነውና ወፉ ወደ ባሕር እየወጣ ነው፥ ደሴቱም በስተኋላው ነው ብሎ ታንኳይቱን በተቃራኒው አዞረ። ማው ያን ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ ወፉን እንዲከተሉ አዘዘ። ተከተሉት፤ ደሴቱንም አገኙ። በኋላ ምክንያቱን ሲያስረዳው፥ ወፉ በአፉ ዓሣ ይዞ ነበር፥ ለጫጩቶቹ ሊያደርስ ይመለስ ነበር አለው። ናይኖአ ደንቡን በትክክል ያውቅ ነበር፤ መምህሩ ግን ወፉን ራሱን አየው። እንዲህ ያለውን ነገር ከመምህር ጋር አብሮ ካልዋሉ ከወዴት ያገኙታል?

ናይኖአ ታሂቲ ደርሶ ተመለሰ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው የሐዋይ ሰው ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ማው በሳታዋል በአባቶቹ ሥርዓት እርሱንና ሌሎች ደቀ መዛሙርቱን በባሕር መሪነት ማዕርግ ሾማቸው። ማው በ2010 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ሆኩሌአ ግን ከ2014 እስከ 2017 ዓ.ም. ዓለምን ዞራ ወደ ሐዋይ ተመለሰች። ቱፓያ በሞተ ጊዜ የጠፋውና ማው በሞተ ጊዜ ያልጠፋው ነገር ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለሁለተኛው ደቀ መዝሙር ነበረው።

እንግዲህ ሽማግሌዎች ሆይ፥ የዘር ወቅት የምታውቁበትን ምልክት፥ የዛፉንና የሣሩን ስም፥ የዝናሙን ጠባይ ለጠየቃችሁ ልጅ አትከልክሉት፤ የማይጠይቀውንም ጠርታችሁ ንገሩት። መምህራንም ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ላኳቸው፤ የሰሙትን ይጻፉ፤ ጽፈውም አይተዉት፥ በእርሻውና በዱሩ ከሽማግሌው ጋር ሄደው በዓይናቸው ይዩት። በደብተር የተጻፈው ደንቡ ነውና፥ በወፉ አፍ ያለውን ዓሣ የሚያሳያቸው አብሮአቸው የሚሄድ ሰው ነው።

እግዚአብሔር ለሽማግሌው የሚቀበለው ልጅ፥ ለልጁም የሚያሳየው ሽማግሌ አያሳጣን።