በካርታ ጨዋታ የተረሳ ተራና የዳኛ ዝምታ

(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በበዓል ማግስት በቦሌ፣ በገርጂ ወይም በሲ.ኤም.ሲ. ከሚገኙት ቤቶች በአንዱ አራት ወዳጆች ካርታ ለመጫወት ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው ተራው ሲደርስ ከክምሩ ማንሣቱን ይረሳና ከእጁ አንድ ካርታ ይጥላል። ቀጥሎ ያለው አይቶ ዝም ይላል። ሦስተኛው ጨዋታውን ይዘጋና «አሸነፍሁ» ይላል። ይህን ጊዜ ክርክር ይነሣል፤ ቡናውም ይቀዘቅዛል። ከመካከላቸው ጠበቃ ወይም ዳኛ ቢኖር «አንተ የሕግ ሰው ነህና ፍረድ» መባሉ አይቀርም። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ዓመት የቆየ ወዳጅነት ሊያሻክር ይችላል። የሚቀርቡትም ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ የረሳ ሰው ምን ያጣል? ያየ ሰውስ የመናገር ግዴታ አለበትን?

ታላላቅ ውድድሮች ለእነዚህ ጥያቄዎች የተጻፈ መልስ አላቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ዓለም አቀፍ የብሪጅ ውድድር ሕግ መሠረት፣ የተጀመረውን ዓይነት ካርታ በእጁ ይዞ ሳለ ሌላ ዓይነት የጣለ ተጫዋች ጥፋተኛ ነው። እርሱ ወይም አጋሩ በሚቀጥለው ዙር ሳይጫወቱ ከታወቀ ጥፋቱ ይታረማል። ከዚያ ካለፈ ይጸናል፤ እንደ ሁኔታው ካሸነፉት ዙር አንድ ወይም ሁለት ለተቃራኒው ወገን ይተላለፋል። ተቃራኒው ወገን በሚቀጥለው እደላ ጥሪውን ካሰማ በኋላ ቢነሣ ይህ ቅጣት ይቀራል፤ ሆኖም ዳኛው ጉዳት መድረሱን ከተረዳ ውጤቱን ለማስተካከል ይችላል። አጥፊው ራሱን እንዲያጋልጥ አይገደድም፤ በሌላ ጥፋት መሸፈን ግን ክልክል ነው።

ሪቻርድ ጋርፊልድ ፈጥሮት በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበው «ማጂክ» በተባለው የካርታ ጨዋታ ደግሞ፣ በከፍተኛ ውድድር ላይ ካርታው በራሱ የሚያስከትለውን ውጤት ማስታወስ የባለካርታው ኃላፊነት ነው። ተቃራኒው ሊያስታውሰው አይገደድም። የተረሳው ነገር ለባለካርታው የሚጠቅም ከሆነ ዳኛው በአብዛኛው ዝም ይላል፤ የሚጎዳው ከሆነ ግን ጣልቃ ይገባል። ጉዳቱን ለማምለጥ ሆን ብሎ «ረሳሁ» ያለ ተጫዋች አጭበርባሪ ተብሎ ከውድድሩ ይሰናበታል።

ይህ አስተሳሰብ ለሕግ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1856 ይርጋን ተከራካሪው ካላነሣው ፍርድ ቤቱ በራሱ ሊያነሣው እንደማይችል ይደነግጋል። መብቱን የረሳ ባለዕዳ ዳኛው አያስታውሰውም። የሥረ ነገር ሥልጣን ጉድለት ግን ተከራካሪዎቹ ሁሉ ዝም ቢሉም ፍርድ ቤቱ ራሱ ያነሣዋል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው የአንድ ሰው ጥቅም ሲሆን፣ ሁለተኛው የዳኝነቱ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ወደ አራቱ ወዳጆች እንመለስ። ከክምሩ ካርታ አለማንሣት የአንድ ተጫዋች ጥቅም ብቻ አይደለም፤ የእጁ ካርታ ከሚገባው በአንድ ስለሚያንስ የጨዋታውን ሥርዓት ያፈርሳል። ስለዚህ ያየ ሁሉ ወዲያው መናገር ይገባዋል። አይቶ ዝም ያለው ሰው በኋላ ለመቃወም መብት የለውም። የረሳውም ተራው ካለፈ በኋላ ጨዋታው ይፍረስልኝ ሊል አይገባውም። ጥፋት የሌለበት ሦስተኛው ሰው ድሉን ይይዛል። ተጫዋቹ ማንሣት የሚገባውን ካርታ ሳይሆን፣ በእጁ የነበረውን የአሸናፊነት ዕድል ማወጁን ረስቶ ቢሆን ኖሮ ግን ማንም ሊያስታውሰው ባልተገደደም ነበር።

ይህ ፍርድ ትክክል ቢሆንም እንኳ ከክርክር በኋላ ሲሰጥ የተሸናፊውን ልብ አያሳርፍም። ካርታው ከመታደሉ በፊት የተነገረ ደንብ ግን በማንም ላይ ያነጣጠረ አይመስልም። ያልተጻፈ ደንብ ደግሞ ከተጫዋቾቹ ጋር ያልፋል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ይህን ጨዋታ በሰፊው ጽፈውታልና ዛሬ ሥርዓቱን ለማወቅ የሚሻ ሰው መነሻ አላጣም።

በመሆኑም በቀን በቦሌ ምድብ ችሎት ስለ ይርጋ ሲከራከር የዋለ ባለሙያ፣ ማታ ለካርታ ሲቀመጥ ሦስት መሥመር በወረቀት ላይ ቢያሰፍር ሙያውን አያዋርድም፤ ምን ቢረሳ ይታረማል፣ እስከ መቼ ይታረማል፣ የመናገር ግዴታስ የማን ነው? እነዚህ ሦስቱ አስቀድመው ከታወቁ ዳኛው ሳይጨነቅ ይፈርዳል፤ ተሸናፊውም ቡናውን ሳይቀዘቅዝ ይጠጣል።