ከገባ ይሠራል?

ኮሚቴያችሁ «ስለ ሽጉጥ ጥንቃቄ ግማሽ ሰዓት ተናገርልን» ብሎ ነው የጠራኝ። ስለ መቆለፍ፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ቃታ አልደግምላችሁም። እዚህ ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት ፈቃድ ያወጣችሁ ሁሉ በአራት ሰዓቱ ሥልጠና ሰምታችሁታል። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ መተው እንደሚያስከስስም ታውቃላችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ፌስታል ነው።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር።

ባለፈው ወር እኔ በማሠለጥንበት ሬንጅ አንድ የእኛው ሰው አዲስ ሪቮልቨር ይዞ መጣ። ጋዝ ስቴሽን አለው፤ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ስለሚያመሽ ነው የገዛው። ሽጉጡ ገና የፋብሪካ ዘይቱ አልለቀቀም። «ጥይቱስ?» ስለው ከጃኬቱ ኪስ ጥቁር ፌስታል አወጣ። ስቶሩን ሽጦ ወደ ሌላ ስቴት የሄደ ጓደኛው ነው አሉ፣ ከአገር ቤት እንደመጣ በርበሬ ቋጥሮ የሰጠው። ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሦስት አራት ዓይነት ጥይት ተደባልቋል። ሳጥን የለውም። አንዳንዱ ደግሞ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ባሩድ የሞላው እንደሆነ ያስታውቃል። «ይህን ልትተኩሰው ነው?» አልኩት። «እኔ እኮ ሞክሬዋለሁ፤ ሁሉም ይገባል» አለኝ።

ከገባ ይሠራል ማለቱ ነው። ይህን ከእሱ ብቻ ሰምቼው ቢሆን እሑዳችሁን አልወስድባችሁም ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጣችሁት ከስንቶቻችሁ ሰምቼዋለሁ! ስም አልጠራም፤ ቀና ብለው የማያዩኝ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሪቮልቨር የገዛችሁ አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት ወይ 38 ስፔሻል ወይ 357 ማግነም ነው። የሁለቱ እርሳስ ውፍረት አንድ ነው። ስሙ 38 ይባል እንጂ ሲለካ እሱም 0.357 ኢንች ነው። የሚለያዩት በቀለሁ ርዝመት ነው፤ የ357ቱ ቀለህ ከ38ቱ በ3 ሚሊ ሜትርና በትንሽ ይረዝማል። ይህች ትርፍ ርዝመት ሆን ተብላ የተጨመረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1935 ጥይቱ ገበያ ላይ ሲወጣ፣ ያን ያህል ኃይል ያለው ነገር በደካማው የ38 ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ብለው አስረዘሙት። ግፊቱን ስሙና ፍረዱ፤ ለ38 ስፔሻል የተፈቀደው ጣሪያ በካሬ ኢንች 17,000 ፓውንድ ነው፣ ለ357ቱ 35,000። ስለዚህ 357 የገዛችሁ 38 ስፔሻል ብትተኩሱበት ችግር የለም፤ ለልምምድ እንዲያውም የምመክረው እሱን ነው። ጨርሳችሁ ስትገቡ ግን ሲሊንደሩን ጥረጉ፤ አጭሩ ቀለህ ከፊቱ የጥቀርሻ ቀለበት ትቶ ይሄዳል፣ ነገ ረጅሙን ስታጎርሱት አልገባ ይላችኋል። 38 የገዛችሁ ግን 357 ብላችሁ እንዳትሞክሩ።

ጋሼ፣ አየሁዎት። ፈገግ አሉ። «አልገባ ካለ ታዲያ ያ ባለ ፌስታሉ ልጅ ምን አጠፋ? የሚገባው ይገባል፣ የማይገባው ይቀራል» እያሉ ነው በልብዎ። ከኋላም ሁለት ሦስት ሰው አንገቱን ሲነቀንቅ እያየሁ ነው። እንግዲያው ወረቀቱን ላስቀምጠውና እንነጋገር።

ያ የረዘመ ቀለህ የሚያድናችሁ ከአንድ ስሕተት ብቻ ነው። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረገፉት መካከል የ38 «ፕላስ ፒ» ጥይት ነበረበት። ይህ ግፊቱ ከፍ የተደረገ 38 ነው፤ ጣሪያው 20,000 ነው። ርዝመቱ ከተራው 38 ጋር አንድ፣ ውፍረቱም አንድ። ማንኛውም የ38 ስፔሻል ሲሊንደር ይጎርሰዋል። ሽጉጡ አይለየውም፣ ጣታችሁም አይለየውም። ልዩነቱ የሚታወቀው ቀለሁን ገልብጣችሁ ቂጡን ስታነቡ ነው፤ እናቶች ይቅርታ፣ ሌላ ስም የለውም። እዚያ ላይ የመደመር ምልክትና «ፒ» የሚለው ፊደል ተቀርጿል። ሽጉጣችሁ ለዚያ የተሠራ መሆኑ ደግሞ በአፈሙዙ ጎን ከተቀረጸው ጽሑፍና ከመመሪያው ይታወቃል። ካልተሠራ አንድ ጥይት ዛሬውኑ ላያፈነዳው ይችላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ያላላዋል። ሽጉጡ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ላለመፈንዳቱም ዋስ የሚሆን የለም።

ሌላ ልጨምር። 22 የያዛችሁ አላችሁ አይደል? የ22 ሎንግ ራይፍል ጥይት በ22 ማግነም ሲሊንደር ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ቤቱ ግን ይሰፋዋል። ስትተኩሱ ቀለሁ ይሰነጠቃል፣ ትኩሱ ጋዝ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊታችሁ ሊመለስ ይችላል። ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ የምትገዙም አላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዞች የተሠሩ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮች አሉ፤ መጀመሪያ የተሠሩለት ጥይት አጠር፣ ወፈር ያለ ሌላ 38 ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹን 38 ስፔሻል እንዲጎርሱ ቦረቦሯቸው። ዛሬ 38 ስፔሻል ይገባባቸዋል፣ ይተኮሳልም፤ ቀለሁ ግን አብጦ ወይም ተሰንጥቆ ይወጣል። ገባ፤ ታዲያ ልክ ነው?

አባቶቻችን እኮ ይህን ያውቁት ነበር። ለውጅግራው የውጅግራውን፣ ለምንሽሩ የምንሽሩን ለይተው ነው ዝናሩን የሚሞሉት። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንን ለምንሽር የሚገዛ ሞኝ በአገሩ አልነበረም። ፊደል ሳይቆጥር የሚለይ ሰው ልጅ፣ ኮሌጅ ጨርሶ አሜሪካ ሲገባ ከፌስታል ያጎርሳል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ያ ቤት ውስጥ የተሞላው ነው። የሞላው ሰው ባሩዱን ስንት እንዳደረገ እሱ ያውቃል፤ ምናልባት እሱም አያውቅም። ሲበዛ ሲሊንደሩን ይበረቅሰዋል። ሲያንስ ደግሞ «ጧ» በማለት ፈንታ «ጵ» ትልና እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሪቮልቨር ደግሞ ቸር ነው፤ ቃታውን እንደገና ከሳባችሁት ቀጣዩን ጥይት ያቀርብላችኋል። ሁለተኛው ከተቀረቀረው ጋር ሲጋጭ የሚሆነውን ልዘርዝርላችሁ? አልዘረዝርም፤ ገና ልትበሉ ነው። ድምፁ ከቀጠነባችሁ አቁሙ፣ ሲሊንደሩን አውጡ፣ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን እዩ። ጭራሽ ካልጮኸ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ቶሎ ቃታ ከሳባችሁ ያቺ ዘግይታ የምትነሳ ጥይት ከአፈሙዙ ትይዩ ወጥታ ጎን ትዞራለች፣ የምትፈነዳው እዚያው ነው።

«ታዲያ ምን እንግዛ?» አለች እህቴ ከጎን። ደግ ጥያቄ ነው።

ጠንካራውን አትግዙ። ይህ የእኔ አቋም ነው፣ የሚከራከረኝ ይከራከር። ስቶር ውስጥ ለምትይዟት ባለ 2 ኢንች አፈሙዝ ትንሽ ሽጉጥ 357 መግዛት ገንዘብን በብልጭታና በጩኸት መለወጥ ነው። ባሩዱ አፈሙዙ ውስጥ ተቃጥሎ አያልቅም፣ እሳቱ ውጭ ይነዳል፣ ጩኸቱ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፣ በጠባብ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ጆሮ ያደነቁራል። ክብደቷ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ከሆነች ጭራሽ አትሞክሩት፤ ርግጫው ገና ያልተተኮሱትን ጥይቶች እርሳስ ከቀለሁ ነቅሎ ወደ ፊት ያወጣና ሲሊንደሩ አልዞር ይላል። ለልምምድ ተራ 38፣ 158 ግሬን፣ ባለ 50 ሳጥኑን። ቤት ወይም ሱቅ የምታቆዩት ደግሞ ሽጉጣችሁ የሚፈቅደውን የፋብሪካ ሆሎው ፖይንት፣ ጫፉ ጎድጎድ ያለውን፤ እሱን ገዝታችሁ ሳትተኩሱበት መሳቢያ ውስጥ አትክተቱ። ጥይት ሲቀየር የሚመታበት ቦታም ይቀየራል። ሆሎው ፖይንት ግድግዳ አያልፍም የሚላችሁን አትመኑ፤ የአፓርታማችን ድራይዎል ለየትኛውም ጥይት ወረቀት ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚተኛ ታውቃላችሁ።

ትራክ የምትነዱ አንድ ነገር ስሙ። ኒው ጀርሲ ውስጥ በሕግ ከተዘረዘሩ ጥቂት ሁኔታዎች ውጭ ሆሎው ፖይንት ይዞ መገኘት ወንጀል ነው፤ የሜሪላንድ የመታጠቅ ፈቃድም እዚያ አይሠራም። «አላወቅሁም» ብሎ የተረፈ አላየሁም።

ፌስታል ያላችሁ፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እንዳትጥሉት፣ ውኃ ውስጥም አትዘፍዝፉት። የካውንቲያችሁን ፖሊስ ድንገተኛ ባልሆነው ስልክ ደውላችሁ የት እንደሚቀበሉ ጠይቁ። አዲስ ሪቮልቨር የገዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ሬንጁ ላይ ነኝ፣ ከእያንዳንዳችሁ ጋር የአፈሙዙን ጽሑፍ አብረን እናነባለን። ሽጉጡ ባዶውን፣ በመያዣው ተዘግቶ፤ ጥይቱ በገዛ ሳጥኑ፣ ለብቻው። መነጽር የሌለው እኔ አለኝ፤ የጆሮ መሸፈኛ ግን በቂ የለም፣ ይዛችሁ ኑ።