ጭንቀት፣ ዕረፍትና የፀጉር መርገፍ

በጤናማ ሰው ራስ ላይ ካለው 100 ሺህ ያህል ፀጉር አብዛኛው በማደግ ላይ ሲሆን፣ ጥቂቱ ሦስት ወር ገደማ በሚዘልቅ የዕረፍት ምዕራፍ ቆይቶ ይረግፋል፤ ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ ሊያስደነግጥ አይገባም። ከባድ ሐዘን፣ ብርቱ ትኩሳት ወይም የተራዘመ ጭንቀት ሲደርስ ግን በማደግ ላይ የነበረው ብዙ ፀጉር ያለ ጊዜው ወደ ዕረፍት ይገባና፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ፣ ሥሩ ላይ ትንሽ ነጭ እባጭ እንደያዘ፣ በማበጠሪያው እየተጠቀለለ ይወጣል። ሐኪሞች «ቴሎጀን ኢፍሉቪየም» የሚሉት ይህንኑ ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተው መዘግየቱ ነው፤ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ የመጣውን መርገፍ በቅባቱ ወይም በሹሩባው ያሳብባሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በአይጦች ላይ የጭንቀት ሆርሞን «ጋስ 6» የተባለውን ፕሮቲን መመረት በመግታት፣ ፀጉር የሚያበቅሉትን ግንደ ሕዋሳት፣ ማለትም ሌሎች ሕዋሳት የሚፈጠሩባቸውን መነሻ ሕዋሳት፣ በዕረፍት እንደሚያቆያቸው አሳይቷል።

በዚህ ዓይነቱ መርገፍ የፀጉሩ ማብቀያ ስለማይሞት፣ በቂ እንቅልፍ ተገኝቶ አእምሮ ሲረጋጋ ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ይሁንና በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ለውጡ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። መርገፉ ከስድስት ወር ካለፈ ወይም ራሱ ክብ ክብ እየሆነ ከተመለጠ፣ መንስኤው ሌላ ሊሆን ስለሚችል በቆዳ ሐኪም መታየት ያስፈልገዋል።