ካርዱ ሙሉ፣ ማቀዝቀዣው ባዶ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ከምሳ በኋላ በአንድ ጉዳይ ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ለምግብ የተለገሰልን ገንዘብ እንደ ወትሮው ለበዓል የምግብ ካርቶን ይዋል ወይስ ማኅበሩ አንድ ቫን ይግዛበት? ከድምፁ በፊት የምግብ ኮሚቴውን ሐሳብ እንዳስረዳ ስለታዘዝኩ ነው የቆምኩት።

ባለፈው ጥር ከእህቶቻችን አንዷ ወለደች። የምናገረው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ ስሟን ግን አልጠራም። ሦስት ሆነን ገንፎ ይዘን አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ቅቤውን ላስቀምጥ ብዬ ማቀዝቀዣዋን ስከፍት ያገኘሁት ትንሽ ወተትና አንድ ጠርሙስ ኬቻፕ ብቻ ነበር። ገንዘብ ያለቀባቸው መስሎን ደነገጥን። እሷ ግን የፉድ ስታምፕ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችን። ከ200 ዶላር በላይ ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቷ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ያለቻቸውን አንድ መኪና ማታ ይዞ ይሄዳል፣ ጠዋት ሲመለስ ይተኛል። የከተማችን ግሮሰሪ ከተዘጋ ወዲህ ቅርብ የሚባለው ሱፐርማርኬት 26 ማይል ይርቃል። በእግር የሚደረስበት ሱቅ ያለው ደረቅ ኑድል፣ ቺፕስና የታሸገ ሾርባ ነው፤ የዊክ ካርድም አይቀበልም። «ታዲያ ለምን አልደወልሽልንም?» ስንላት፣ «በየሳምንቱ ሰው እንዴት አስቸግራለሁ? አፈርኩ» አለችን።

እህቶቼ፣ ካርዱ ሙሉ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ግን ባዶ። ኮሚቴው አንድ ዓመት ሙሉ ሲነጋገርበት የቆየው ይህ ነው።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለዚህ ችግር መለኪያ አለው። በገጠር ብዙ ድሃ ቤተሰብ የሚኖርበት አካባቢ፣ ከነዋሪው ቢያንስ 500 ሰው ወይም ሲሶው ከሱፐርማርኬት ከ10 ማይል በላይ ርቆ የሚኖር ከሆነ የምግብ አቅርቦት የራቀበት ተብሎ ይመዘገባል። በከተማ ርቀቱ 1 ማይል ነው። ሰዎች ይህን በተለምዶ «የምግብ በረሃ» ይሉታል። ሌላም መለኪያ አለ፤ መኪና የሌላቸውን ቤተሰቦች የሚቆጥር። ነገር ግን ያቺ አራስ በዚያ ቆጠራ ውስጥ አትገባም። ቤተሰቡ መኪና አለዋ! መኪናዋ ሌሊቱን ፋብሪካው በር ላይ መቆሟን ግን የሚቆጥር የለም። ከመካከላችን ስንቶቻችን እንደዚሁ ነን?

በረሃ ሲባል አሸዋ ይታሰበን ይሆናል። የእኛ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ በበጋ እስከ አድማስ ድረስ አረንጓዴ ነው፤ በቆሎና አኩሪ አተር። ግን ያ በቆሎ እሸት ሆኖ የሚጠበስ አይደለም። አብዛኛው ለከብትና ለአሳማ መኖ፣ እንዲሁም ለነዳጅ የሚሆን ኢታኖል መሥሪያ ይሄዳል። በእርሻ መካከል ተቀምጠን ሽንኩርት ፍለጋ 26 ማይል የምንነዳው ለዚህ ነው።

ትንንሽ ግሮሰሪዎች የሚዘጉት ባለቤቶቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። አከፋፋዩ በየሳምንቱ ከዚህ መጠን በታች ካዘዛችሁ መኪና አልልክም ይላል። ትንሽ ከተማ ያን ያህል ዕቃ አትጨርስም፤ አትክልቱ ይበሰብሳል። የማቀዝቀዣው መብራት ሌት ተቀን ይቆጥራል። ባለቤቱ ሲያረጅ ልጆቹ አይረከቡትም። እንዲህ ተዘግቶ የቀረውን ሱቅ የበዓል ካርቶን አይተካውም።

እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሚሲሲፒ ውስጥ ሰንፍላወር ካውንቲ የሚባል አፈሩ የሰባ የጥጥ አገር አለ። ወይዘሮ ፋኒ ሉ ሄመር የኖሩት እዚያ ነው፤ ከእርሻ ጭሰኞች ቤት 20ኛ ልጅ ሆነው የተወለዱ። በ1962 ለመምረጥ ልመዝገብ ብለው ስለሄዱ ለዓመታት ከሠሩበት እርሻ ተባረሩ። በዚያው ዓመት በአጎራባቹ በሌፍሎር ካውንቲ ጥቁሮች ለምርጫ መመዝገብ ሲጀምሩ፣ የካውንቲው አስተዳዳሪዎች ከፌዴራል መንግሥት ይመጣ የነበረውን የምግብ እርዳታ አቋረጡ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው ክረምቱን ያለዚያ እርዳታ ገባ። ወይዘሮ ሄመር ከዚህ አንድ ነገር ተረዱ፤ ምግብሽ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ድምፅሽም በእሱ እጅ ነው።

ስለዚህ በ1969 ፍሪደም ፋርም የተባለ የኅብረት እርሻ አቋቋሙ። በ40 ኤከር ተጀምሮ ከ600 ኤከር በላይ ደረሰ። ባቄላ፣ ባሚያ፣ ጎመን፣ ስኳር ድንች ያመርቱ ነበር። ከጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ጋር ሆነውም «የአሳማ ባንክ» አቋቁመው ነበር። አሳማ ለብዙዎቻችን የሚቀርብ ነገር አይደለም፤ እናንተ በግ እያላችሁ ስሙኝ። ቤተሰቡ ያረገዘች አሳማ ይወስዳል፤ ስትወልድ ግልገሎቹን ያስቀራል፣ እናቲቱ ተመልሳ ለሌላ ቤተሰብ ትሄዳለች። በአገራችን ከብት በርቢ ሲሰጥ ያየች ሴት ይህ አይጠፋትም።

ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የአባልነት መዋጮው በወር 1 ዶላር ነበር፤ እሷንም አዘውትረው መክፈል የቻሉት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። እርሻው የቆመው በሩቅ ደጋፊዎች ገንዘብ ነበር። ጎርፍና ድርቅ ሲመጣ፣ ወይዘሮ ሄመርም ሲታመሙ፣ የመሬቱን ዕዳና ግብር የሚሸፍን ጠፋ። በ1970ዎቹ አጋማሽ መሬቱ ከእጃቸው ወጣ። ትምህርቱ «አይሆንም» የሚል አይደለም። ለመግዣ ብቻ ሳይሆን ለማቆያም አስቡ የሚል ነው።

አሁን ወደ ሐሳባችን ልግባ። ቫኑ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከአዳራሹ ይነሣል። ሐሙስ ማታ ድረስ ስም ይመዘገባል። ለምን ዕቃ ብቻ አያመጣም የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በፉድ ስታምፕ ካርድ ለሌላ ቤተሰብ ዕቃ መግዛት ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ ቫኑ የሚጭነው ሰው ነው፤ እያንዳንዷ በካርዷ ራሷ ትገዛለች። አራስና ሕመምተኛ ግን ለካርዷ ሕጋዊ ተወካይ ማስመዝገብ ትችላለች፤ ቅጹን እኛ እናስሞላለን።

በጥሬ ገንዘብ የሚገዛውን ደግሞ በጅምላ እናድርገው። ሽንኩርት በጆንያ፣ ምስር፣ ዘይት፣ የጤፍ ዱቄት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ? እንደ እድራችን በወር 10 ዶላር እናዋጣለን። ለጊዜው ያጠራት ትነዳለች፣ ዕቃ ታከፋፍላለች፣ ወይም ልጆች ትይዛለች። ነፃ የሚሄድ የለም፤ ስለዚህ የሚያፍርም የለም። ያቺ እህታችን «አስቸግራለሁ» ያለችው ወንበሩ የሰው ስለሆነ ነው። የራሷ ወንበር ሲሆን አትልም።

ለደጋፊዎቻችን በግልጽ ልናገር። ካርቶን ሲታደል ፎቶው ያምራል። የክረምት ጎማና የኢንሹራንስ ክፍያ ፎቶ የላቸውም። እኛ ግን የምንለምናችሁ እነዚህን ነው። ቫን ገዝታችሁ ብትተዉን በሁለተኛው ክረምት ቆሞ በረዶ ይለብሳል። መግዣውን ቀንሳችሁ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ የቀረውን ለሦስት ዓመት ማንቀሳቀሻ አድርጉልን። በእነዚያ ዓመታት መዋጮአችን ራሱን እንዲችል እንሠራለን፤ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በዚህ መጽሔት ይወጣል። ካርቶኑንም ጨርሰን አንተወውም። ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ከሥራ ለተቀነሰ፣ ለአዲስ መጥ የሚሆን ጥቂት እናስቀራለን።

ከመቀመጤ በፊት ዛሬውኑ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ልንገራችሁ። አንደኛ፣ በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ ያልያዙ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል። ወረቀታችሁ የት እንደደረሰ ጠይቁ፤ በወሬ ብቻ ካርዳችሁን አትተዉ። ሁለተኛ፣ ዊክ የመኖሪያ ወረቀት አይጠይቅም፤ ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስና 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ነው። ከ2023 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሚኒሶታ ትምህርት ቤቶች ለልጆች ሁሉ የሚሰጠው ነፃ ቁርስና ምሳም እንደዚሁ። ሦስተኛ፣ በፉድ ስታምፕ የሚበላ ነገር የሚያበቅል ዘርና ችግኝ መግዛት ይቻላል። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም። በረዶው ሲቀልጥ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ቦታ ይቆፈራል፤ መቆፈሪያ ያላችሁ አምጡ።

ያቺ እህታችን ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች፤ ልጇም ድምፁን ሰምታችሁታል። የቫኑ ነጂዎች ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ናት። መንጃ ፈቃዷን በሰኔ አወጣች።