የሕዝብን አደራ ስለ መጠበቅ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች መረዳጃ ኮሚቴ ስም የተነበበ ንግግር



ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ለበጎ አድራጎት የተሰበሰበ ገንዘብ በእጃቸው ያለ ሰዎች ለሕዝብ ስላለባቸው ኃላፊነት ነው። «ተማሪ ስለ ባለአደራነት ምን ያውቃል?» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ የምናውቀው ጥቂት ነው። ነገር ግን ያችኑ ጥቂት የተማርናት ከጥፋታችን ስለ ሆነ፤ ብንሸሽጋት ሁለተኛ ጥፋት ይሆንብናል።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ የተማሪ ኑሮ እንዴት እንደ ሆነ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ብዙዎቻችን ከገጠር መጥተን በከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ቅዳሜ ወደየቤታችን ሄደን፤ እሑድ ማታ እናቶቻችን የጋገሩልንን እንጀራ፤ ሽሮውንና በሶውን ተሸክመን እንመለሳለን። ስንቁ ሐሙስ ላይ የሚያልቅበት አለ፤ ደብተሩ ሲሞላ ሌላ መግዣ የሌለውም አለ። ስለዚህ ነበር አንድ የመረዳጃ ሣጥን አቁመን፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ እየጣለበት፤ ደብተርና እስክሪብቶ ላጣ ጓደኛ እንዲገዛበት የተስማማነው። እኛም የሣጥኑ ጠባቂዎች እንድንሆን ተመረጥን።

የመጀመሪያው ዓመት ያለ ነቀፌታ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ግን የእግር ኳስ ቡድናችን ወደ ሞጣ ሄዶ እንዲጫወት ተጠራ፤ የመኪና መሳፈሪያ ስላጣም ከሣጥኑ እንድናበድረው ለመነን። እኛም «ይህስ መልካም ሥራ አይደለምን? የሁላችንም ስም ይጠራበታል፤ ገንዘቡም ይመለሳል» ተባብለን አበደርን። ገንዘቡን ላዋጡት አልነገርናቸውም፤ በመዝገብም አልጻፍነውም። ከመካከላችን አንዲት ሳንቲም ወደ ኪሱ የከተተ ሰው አልነበረም። ቡድኑም ተጫውቶ ተመለሰ፤ በእልልታና በጭብጨባ ተቀበልነው።

በዚያው ሳምንት ከታናናሾቻችን አንዱ ደብተር ሊጠይቀን መጣ። ሣጥኑን ብንከፍተው ባዶ ነው። «ሰኞ ና» አልነው። ሰኞ አልመጣም፤ ማክሰኞም አልመጣም። ትምህርቱን ትቶ ወደ አባቱ እርሻ መመለሱን በኋላ ሰማን። ከመካከላችን ሁለቱ ደብተር ገዝተው እስከ አገሩ ድረስ በእግራቸው ሄዱና አባቱን ይቅርታ ለመኑ። አባትየውም ሳይቆጡ እንዲህ አሉ፦ «መጀመሪያውኑ ሣጥን የለንም ብትሉት ኖሮ፤ ጤፍ ሸጬም ቢሆን እገዛለት ነበር። ልጄን የጎዳው እናንተን ማመኑ ነው።» ልጁ ተመልሶ ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራል። የአባቱ ቃል ግን ከልባችን አልወጣም።

እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ አደራ በላ የሚባለው የሰረቀ ሰው ብቻ ይመስለን ነበር። ሳይሰርቁም አደራ መብላት እንዳለ ያን ጊዜ ተረዳን። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠን ገንዘብ፤ ሌላው ጉዳይ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፤ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ማዛወር አደራን ማፍረስ ነው። ወላጆቻችን ይህን ከእድራቸው ያውቁታል። የእድሩ ድንኳን ለሠርግ ተውሶ ሳለ ድንገት ሰው ቢሞት፤ ሐዘንተኛው ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ሠርግ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ድንኳኑ የተገዛው ለሐዘን ቀን ስለ ሆነ ነው።

የአገራችን ሕግም ይህን ነገር ዝም ብሎ አላለፈውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ ስለ አደራ ንብረት ይናገራል። በዚህ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው ንብረት ራሱን የቻለ ነው፤ ባለአደራውም የሚያስተዳድረው መሥራቹ ባዘዘው መንገድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ደግሞ፤ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋሙ ድርጅቶች ለአስተዳደር የሚያወጡት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ደነገገ። ይኸው አዋጅ ግን እድርንና እቁብን አይመለከትም፤ የእኛንማ ትንሽ ሣጥን መንግሥት መጥቶ አይቈጣጠራትም። ስለዚህ የእንደነዚህ ያሉ ባለአደራዎች ተቈጣጣሪ የአባሎቻቸው ዓይንና የራሳቸው ኅሊና ነው።

ሌላም ነገር አለ። ባለአደራ ሥራውን ፈጽሞ ከተጨበጨበለት በኋላ ተመልሶ ማየት ይገባዋል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ከሞጣ ወገን ወደ ዓባይ ሲወርዱ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ነው። ይህ ድልድይ ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኝ የጥንት የድንጋይ ሥራ ነው። ከፊሉ ፈርሶ ስለ ነበር፤ መንገደኛው በገመድ ታስሮ፤ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ይህን በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ አይቶ፤ በ1993 ዓ.ም. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ። በ1994 ዓ.ም. የፈረሰው ቦታ በብረት ተጠገነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የዓባይ ሙላት ጥገናውን ይዞት ሄደ። ድርጅቱ «እኛ ሠርተን አስረክበናል፤ ፎቶግራፉም አለን» ብሎ ሊቀር ይችል ነበር። ነገር ግን ተመልሶ፤ በፊተኛው ምትክ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ አቆመ። ገንዘቡ የተሰጠው ሰው እንዲሻገር እንጂ ብረት እንዲተከል ብቻ አልነበረምና።

እኛም ከዚህ ሁሉ ተምረን ሦስት ነገሮችን ወስነናል። አንደኛ፤ የሣጥኑ ገንዘብ ከተዋጣበት ጉዳይ ወደ ሌላ አይዞርም፤ ችግር ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ ያዋጡት ይጠየቃሉ። ሁለተኛ፤ ሣጥኑ በሁለት ቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰዎች እጅ ይቀመጣሉ፤ የገባውና የወጣው በዚያው ቀን ይጻፋል፤ የተረዳው ልጅ ስም ግን እንዳያፍር በአደባባይ አይነበብም። ሦስተኛ፤ ደብተር የሰጠነውን ልጅ ከወር በኋላ ፈልገን እንዴት እንደ ሆነ እንጠይቀዋለን።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ፤ መዝገባችን እነሆ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ያ ብድርና የተመለሰበት ቀን ጭምር ተጽፎበታል። ከበዓሉ በኋላ ወደ ቤታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ገልጣችሁ እንድታዩልን እንለምናለን። ስሕተት ብታገኙ ልጆች ናቸው ብላችሁ አትለፉን። ነገ የእድር ገንዘብ ያዥና የማኅበር ሹም የምንሆነው እኛው ነንና፤ ገንዘቡ ጥቂት ሳለ ብትቈጣጠሩን ይሻለናል።